ብቻዋን የቆመች ነጥብ

የረድፋችን አለቃ ደህና ስም አላት፤ በስሟ የሚጠራት ግን ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ለእኛ ለኪስ ሰፊዎቹ እትዬ ቀጥ ናት። ስፌትሽ ትንሽ ጠመም ካለ ከኋላሽ መጥታ «ቀጥ አድርጊው» ትልሻለች። ጎብጠሽ ከተቀመጥሽ «ቀጥ በይ»። ያረፈድሽበትን ምክንያት ስትቀባጥሪ ደግሞ «እስቲ ቀጥ አድርገሽ ንገሪኝ»። ክፉ ሆና አይደለም። ውሸት አይሆንላትም፣ በቃ። አንድ ቀን አርፍጄ «ሐኪም ቤት ሄዳ ነው በይልኝ» ብላት፣ ጥበቃው ፊት ቆማ ተንተባተበች፣ ፊቷ በርበሬ መሰለ፣ ጭራሽ «እንቅልፍ ጥሏት ነው» ብላ ቁጭ አለች። ሳምንት ሙሉ ዘጋኋት።

የምንሰፋው የሥራ ሱሪ ኪስ ነው። አሥራ ሁለት ሴቶች በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ተደርድረን፣ ቀኑን ሙሉ ኪስ፣ ኪስ፣ ኪስ። የሚገጣጥሙት ሌሎች ስለሆኑ ሱሪ ሆኖ አይተነው አናውቅም። በእያንዳንዳችን አጠገብ ቅርጫት አለ። በየሰዓቱ ደወል ይደወላል፣ ቆጣሪው ይመጣል፣ ቅርጫትሽ ውስጥ ያለውን ቆጥሮ ይጽፍና ይዞት ይሄዳል። ከአንድ ሰው የሚጠበቀው አርባ ነው።

ከእኔ ቀጥላ መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው አክስቴ ናት። ሁላችንም አክስቴ እንላታለን፤ የእውነት አክስትነቷ ግን ለእትዬ ቀጥ ነው። እናቷ ስትሞት ወስዳ ያሳደገቻት እሷ ናት። አንድ ደመወዝ ለሁለት አልበቃ ሲል ከስምንተኛ ክፍል አስወጥታ እዚሁ ፋብሪካ ያስገባቻትም፣ ክር አገባብ ያስተማረቻትም እሷው ናት። አሁን የአክስቴ ዓይን ደክሟል። ሐኪሙ «ነርቩ ነው፣ መነጽርም ቀዶ ጥገናም አይመልሰውም» ብሏታል። የጨርቁን ጠርዝ በጣቷ እየዳበሰች ነው የምትሰፋው። ስፌቷ ዛሬም ከሁላችንም ያምራል፤ ጣጣው ቀስ ማለቷ ነው። ለጡረታ የሚያበቃት የአገልግሎት ዘመን ሊሞላ አንድ ዓመት ቀርቷት ነበር። ከዚያ በፊት ከወጣች ባዶ እጇን ናት። «ይቺን ዓመት ብቻ ይግፋልኝ፣ የሰው እጅ ሳላይ ልሙት» ነበር የዘወትር ጸሎቷ። እትዬ ቀጥ «እኔ እያለሁ?» ብላ ስትቆጣ፣ «አንቺም ሰው ነሽ» ትላታለች።

እንግዲህ የእኛን ረድፍ ጉድ ልንገራችሁ። ደወሉ ሊደወል ሲል፣ እጇ የፈጠነላት ሴት ከቅርጫቷ ጥቂት ኪስ ታነሳና በጠረጴዛው ሥር ወደ ጎን ታሳልፋለች። የጎኗ ተቀብላ ለሚቀጥለው፣ እሷም ለሚቀጥለው፣ እንዲህ እያለ ያጠራት ጋ ይደርሳል። «ማሻገር» እንለዋለን። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ እኔ ስቀጠር ነበረ። ነፍሰ ጡር ሆኜ ሲያጥወለውለኝ ተሻግሮልኛል። እትዬ ቀጥም አለቃ ከመሆኗ በፊት ልጇ ታሞባት እንቅልፍ አጥታ ስትመጣ ተሻግሮላታል። ኋላ ላይ የሚሻገረው ሁሉ ወደ መስኮቱ ሆነ። አይወራም፣ አይመሰገንም። ቆጣሪው ሲመጣ አርባ፣ አርባ፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ አንድ እያለ ይሄዳል። እትዬ ቀጥ እያየች ታልፈዋለች። ያቺ ውሸት የማይሆንላት ሴት ይሄን እንደ ውሸት ቆጥራው አታውቅም። «ኪሱ ያው ኪስ ነው፣ ማን ሰፋው ብሎ የሚጠይቅ ሱሪ የለም» ትላለች።

ጣጣው የመጣው ከትምህርት ነው። አስተዳደሩ «የረድፍ አለቆች በሙሉ መሠረታዊ ስታቲስቲክስ ይማራሉ» የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በሠራተኛው ክበብ፣ ከኮሌጅ የመጣ ልጅ እግር መምህር ያስተምራል ተባለ። ቃሉን እኔ እንኳ ለመጥራት ሦስቴ ምላሴን ነክሻለሁ። እትዬ ቀጥ ማስታወቂያውን ስታነብ አመድ መሰለች። «በዚህ ዕድሜዬ ከእነዚያ ዲፕሎማ ካላቸው ጋር ቁጭ ልበል? መሳቂያ ልሆን?» አለች።

አክስቴ የስፌት መኪናዋን አቆመች። «ከትምህርት ቤት ያስወጣሁሽ ቀን ዛሬም ሆዴን ይበላኛል» አለቻት። «ለእኔ ስትይ ሂጂ።»

ሄደች። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ምን እንዳለፈች እንጃ፤ ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ግን ዓይኗ እያበራ መጣችና የክር ማጠንጠኛዎቹን ሁሉ ሰብስባ ጠረጴዛው ላይ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደረደረቻቸው።

«ይሄ እናንተ ናችሁ፣ በቁመት ተሰልፋችሁ» አለች። «መሃል የምትቆመዋ መካከለኛ ትባላለች።»

«አሥራ ሁለት ነን እኮ፣ መሃል የት አለ?» አልኳት፤ እኔ መቼም ነገር መውደዴ።

«የሁለቱ መሃል ነዋ! ይሄን እኔም ጠይቄው ነበር።» ደስታዋ! «አሁን ከእናንተ አንዷ በአንድ ሌሊት የመብራት እንጨት ብታክል፣ የሁሉ ቁመት ተደምሮ ሲካፈል የሚመጣው አማካይ ወደ ላይ ይሳባል። መካከለኛዋ ግን ንቅንቅ አትልም። ገባችሁ? አማካይ በአንድ ሰው ይናጋል፣ መካከለኛ አይናጋም።»

ያ ሰሞን ለጉድ ነበር። ያገኘችውን ሁሉ ትለካለች፣ ትደምራለች፣ ታካፍላለች። ባሏ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ወር ሙሉ የሚገባበትን ሰዓት ስትከታተል ቆይታ «አማካይህ ደህና ነው፣ ስርጭትህ ግን አያምርም» አለችው አሉ። ምስኪኑ ሰውዬ በሽታ መስሎት በነጋታው ምርመራ ሄደ። ስርጭት ማለት ቁጥሮቹ ምን ያህል ተቀራርበው ወይም ተበታትነው እንደተቀመጡ ነው፤ እኔም በግዴ ተማርኩ። ስቀን ስናበቃ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀናሁባት። በዚያ ሁሉ ዓመት እንዲህ ቀና ብላ ስትሄድ አይቻት አላውቅም ነበር። አክስቴ ደግሞ የምትሰማውን ሁሉ ባይገባትም «እስቲ ድገሚልኝ» ትላታለች፤ ኮርሱን የምትወስደው እሷ እስክትመስል ድረስ።

የመጨረሻው ሥራ «የራሳችሁን ረድፍ ግለጹ» የሚል ነበር። እያንዳንዷ ሠራተኛ በሰዓት ስንት እንደምትሰፋ፣ አማካዩን፣ መካከለኛውን፣ ስርጭቱን አውጥተው፣ ሰውን ሁሉ በነጥብ በነጥብ አድርገው በሥዕል ማሳየት አለባቸው። የበለጠው ሥራ ክበቡ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል ተባለ። እትዬ ቀጥ ከቆጣሪው የሁለት ሳምንቱን ቁጥር ተቀበለች፣ በጥንቃቄ ሠራች፣ አስረከበች።

መምህሩ አየው፣ አገላበጠው፣ ከዚያ በሌሎቹ አለቆች ሁሉ ፊት «ይሄ የተቆጠረ ሳይሆን የተፈጠረ ቁጥር ነው» አላት። «አሥራ ሁለት ሰው እንዲህ እኩል አይሠራም። የሰው ልጅ እጅ ይለያያል። ጊዜ ካጠረሽ አጠረኝ ማለት ነው እንጂ፣ ቁጥር አይፈበረክም።»

እሷ ዋሸሽ ተባለች! እሷ! አንዷ የማሽን ክፍል አለቃ ከት ብላ ሳቀች አሉ። እትዬ ቀጥ ምን ትበል? እውነቱን ብትናገር ማሻገሩ ይወጣል፤ ማሻገሩ ከወጣ አክስቴ ትወጣለች።

ሰኞ ስትመጣ ሰው አትመስልም ነበር። ጉዳዩን ከሌላ ሰው ነው የሰማነው። «ይቅርብሽ በቃ» አልኳት። «ብትወድቂ ከሥራ አያባርሩሽ፣ ምን ቀረብሽ?»

«ምንም አይቀርብኝም» አለችና እንባዋ ዱብ አለ። «ውሸታም አለኝ እኮ። አንድ ሳምንት ልስጥሽና እውነተኛውን አምጪ አለኝ።»

አክስቴ ሰማች። ያን ቀን እንደተቆጣችው ተቆጥታ አታውቅም። «የእኔን ልጅ ነው ውሸታም የሚላት? ይሄ ትናንት የተወለደ!» ከዚያ መፍትሔ ያመጣችውም ራሷ ናት፤ አፈር ይብላኝ፣ ለእኔም ጥሩ መስሎ ታየኝ። ደወሉ ሳይደወል እትዬ ቀጥ ዞር ዞር ብላ የእውነቱን ትቆጥራለች። ከዚያ እንደወትሮው እናሻግራለን፣ ቆጣሪው የለመደውን አርባውን ይጽፋል። መምህሩም ወረቀቱ ለትምህርት ብቻ እንደሆነ፣ ስም እንደማይጻፍበት ቃል ገብቶላታል።

«ስም ከሌለው ምን ይመጣል?» አለች አክስቴ። «ነጥብ አይደል? ነጥብ ደግሞ ሁሉም ያው ነው።»

ሳምንቱን እንደዚያ ሰነበትን። እትዬ ቀጥ ሥዕሉን ጨርሳ አሳየችኝ። ከታች የተሰመረው መስመር ላይ፣ በቀኝ በኩል አሥራ አንድ ነጥቦች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ ከሠላሳ ስምንት እስከ አርባ ስድስት። በግራ በኩል፣ ባዶውን ቦታ ሁሉ አልፎ፣ አሥራ ስምንት ላይ አንዲት ነጥብ ብቻዋን።

«ትንሽ ጠጋ ብታደርጊያት ምን አለበት?» አልኳት።

«አሥራ ስምንት ያለው እዚያ ነው» አለችኝ። «ስም የለውም እኮ።»

መምህሩ ወደደው። ይቅርታ ጠየቃት፣ በሁሉ ፊት። «ዳታን መግለጽ ማለት ይሄ ነው» አለ። አንደኛ ወጣች፣ ሥዕሉም ክበቡ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ልጁ ክፋት የለበትም፤ የረድፋችንን መለያ ቁጥር ከላይ መጻፉ ግን አልቀረም።

በነጋታው ምሳ ሰዓት ላይ ክበቡ ጢም ብሎ ነበር። አክስቴ ሰው በበዛበት መራመድ ስለሚያስፈራት ምሳዋን እዚያው መኪናዋ ላይ ነው የምትበላው፤ እንኳንም አልነበረች። ሥራ አስኪያጁ ሻያቸውን ይዘው ግድግዳው ጋ ቆሙ። ቆሙ፣ ቆሙ፣ ከዚያ እትዬ ቀጥን በጣታቸው ጠሯት። እኔ አጠገቧ ስለነበርኩ አብሬ ሄድኩ፤ የጠራኝ ባይኖርም።

«ጎበዝ ነሽ፣ ደስ ብሎኛል» አሉ። «አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ቆጣሪው ሁሌ የሚያመጣልኝ ሁሉም አርባ አካባቢ ነው። እዚህ ደግሞ አሥራ ስምንት አያለሁ። የትኛው ነው ትክክሉ?»

ሥዕሉን ፈጥሬው ነው ብትል አለቀ። አንዲት ቃል ናት። መምህሩ ይቀየማታል፣ ሥዕሉ ይወርዳል፣ አክስቴ ዓመቷን ትጨርሳለች። በልቤ «በይ እንጂ፣ በሞትኩት፣ በይ» እላለሁ። ሞከረች፣ ምስክሯ እኔ ነኝ። «ይሄ... ይሄኛው እንኳ... እኔ ዝም ብዬ...» አለች፤ አንገቷ ቀላ፣ ጆሮዋ ቀላ።

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አሉ። «ተይ፣ አይሆንልሽም። አለቃ ያደረግንሽም ለዚህ ነው።» ከዚያ ነጥቧን በማንኪያቸው ጫፍ ነክተው «ይቺ ማናት?» አሉ። መልስ አልጠበቁም። ረድፋችን ውስጥ የጨርቅ ጠርዝ በጣቷ የምትዳብስ አንዲት ሴት ብቻ እንዳለች ማን ያጣዋል።

ያን ጊዜ ነው እትዬ ቀጥ የተማረችውን ሁሉ ያወረደችው። «ጌታዬ፣ መካከለኛውን ይዩልኝ» አለች። «አርባ ሁለት ነው። እሷ ብትኖርም አርባ ሁለት፣ ባትኖርም አርባ ሁለት። ረድፉን አልጎዳችም። ድምሩም ብናሻግር ባናሻግር ያው ነው፤ አንዲት ኪስ እንኳ ጎድሎብዎት አያውቅም። አንድ ዓመት ነው የቀራት ጌታዬ፣ አንድ ዓመት!»

እሳቸው በትዕግሥት ሰሟት፤ እንዲያውም ራሳቸውን ነቀነቁ። «አማካዩስ?» አሉ።

«አርባ።»

«እሷ ከወጣች?»

ምላሷ ይቆረጥ ልል ነበር ግን አንጀቴን በላችው፣ «አርባ ሁለት» አለች።

«ወደ ላይ የምንልከው አማካይ ነው» አሉና ሻያቸውን ጨርሰው ሄዱ።

አክስቴ የስንብት ወረቀቷን ወሩ ሳያልቅ ተቀበለች፤ «በአቅም ማነስ» ይላል። የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ አንድ ሁለቴ ሮጦላት ነበር፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። ጠረጴዛው ሥር በእያንዳንዳችን መካከል ጣውላ ተመታ፣ ቅርጫቶቹም ቁጥርና ክዳን ወጣላቸው። መስኮቱ ሥር አንዲት ፈጣን ልጅ ተቀመጠች። ምንም አላደረገችኝም፤ ግን ፊቷን ለማየት ወራት ፈጅቶብኛል። አማካዩ አርባ ሁለት ተኩል ገባ ብለው አመሰገኑን። አሁን የሁላችንም ዓይን ግራ ግራውን ነው የሚያየው፤ ቀጥሎ በዚያ በኩል ብቻዋን የምትቀረው ማን ትሆን እያልን። የአክስቴ እግር ከወጣ ወዲህ ረድፋችን ውስጥ ሳቅ የሚባል ነገር የለም። እትዬ ቀጥም «ቀጥ አድርጊው» ማለቱን ትታዋለች። የተጣመመ ስታይ ራሷ ተቀብላ ፈታ ትሰፋዋለች።

አክስቴ የቤት ኪራይ መክፈል ስላልቻለች እትዬ ቀጥ ወደ ራሷ ቤት ልታመጣት ወሰነች። ብቻዋን ለመሄድ አቅም አጥታ «አብረሽኝ ነይ» አለችኝ። እሑድ ጠዋት ሄድን። አክስቴ አንዷን ክፍሏን ጠርጋ፣ አልጋዋን አንጥፋ፣ ዕቃዋን በሁለት ሻንጣ ከታ፣ ሻንጣው ላይ ተቀምጣ ጠበቀችን። የዚያች ሴት ዕድሜ በሁለት ሻንጣ አለቀ።

«ልጆቹ ክፍል ነው የማድረው?» አለች።

«አዎ አክስቴ። ሰፊ ነው።»

«አላስቸግራችሁም። ሽንኩርት መላጥ እችላለሁ፣ እሱ ዓይን አይፈልግም።»

እትዬ ቀጥ አንዱን ሻንጣ አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው። ለመናገር ስትታገል አያታለሁ። አክስቴ ቀደመቻት።

«ሞት ይርሳኝ! ስለዚያ ትምህርትሽ ሳትነግሪኝ ቀረሽ እኮ። እንዴት ሆነልሽ? አለፍሽ?»

«አለፍኩ።»

«ስንተኛ?»

«አንደኛ» አለች፣ ለራሷም በማይሰማ ድምፅ።

አክስቴ ከሻንጣው ላይ ተነሳች። እጇን ዘርግታ ፊቷን ፈለገች፣ አገኘች፣ ሁለቱንም ጉንጯን ሳመቻት። «አንደኛ! ከእነዚያ ሁሉ ዲፕሎማ ካላቸው!» ትላለች፣ ፊቷ ብርሃን ሆኖ። የምሯን ነው፤ አንዲት ቅንጣት ሽሙጥ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻል ነበር።

«አክስቴ፣ አትሳሚኝ» አለች እትዬ ቀጥ። «አንደኛ የወጣሁት በዚያች ነጥብ ነው። ያቺ ብቻዋን ያለችው፣ ያንቺዋ። እሷ ባትኖር መምህሩ አያምነኝም ነበር።»

አክስቴ ጉንጯን በእጇ ዳበሰች።

«እንኳን ኖረች ታዲያ» አለቻት።

እትዬ ቀጥ ሻንጣውን ሳትይዝ ወጣች። አክስቴ ፊቷን ወደ በሩ መልሳ ቆመች፣ የእግሯ ድምፅ እስኪጠፋ። «ምን ክፉ ነገር ተናገርኳት?» አለችኝ።

«ምንም አክስቴ» አልኳትና ሁለቱንም ሻንጣ እኔ ተሸከምኩ።